የሰባት ቁጥር ገመድ

«ድንኳን ለምዳለች፤ አንድም ነገር አትሆንም» አለች ሙሽሪት ከግድግዳው ማዶ።

ሸራ የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያዋን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ልትከት አጎንብሳ ነበር፤ እንዳጎነበሰች ቀረች። ግድግዳው ቺፑድ ነው። አባቷ በሕይወት ሳሉ የሥራ ክፍላቸውን ከማድ ቤቱ ለመለየት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የመቱት ሲሆን፣ ምስማር እንጂ ምስጢር ይዞ አያውቅም። በዚያ በኩል ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ በዚህ በኩል ስኳሩ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ይታወቃል። ሙሽሪት ይህን ልብ ብላው አታውቅም። እሷ በዚህ ቤት ስትናገር የሚሰማት ሰው እንዲሰማት የፈለገችው ብቻ ይመስላታል። ሙሽሪት የሚሏት የወንድሟን ሚስት ነው። እዚህ ቤት ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቬሎው ከተመለሰ ቆየ፣ ስሙ ግን የሚመልሰው ጠፍቶ እስካሁን እላይዋ ላይ አለ።

«ሦስት ቀን ሙሉ የለችም» ቀጠለች ሙሽሪት። «የአክስቴ ልጅ በስምንት ሰዓት ፒካፑን ይዞ ይመጣል። አልጋውንና መደርደሪያውን ወደ አክስቴ መጋዘን ይወስደዋል፣ ያንን ማሽን ደግሞ ብረት ለሚገዙት ሰዎች ያደርስልናል። ሲጨርስ ይደውልልሃል። ተከራዩ እሁድ ጠዋት ይገባል።»

«ስትመለስስ?» አለ ወንድሟ።

«ስትመለስማ ሶፋ አለ። ነገርኩህ እኮ፣ ድንኳን ለምዳለች።»

ወንድሟ ሳቀ። ትልቅ ሳቅ አይደለም፤ ሰው ሻይ እየጠጣ ሳለ በአፍንጫው በኩል የሚያመልጠው ዓይነት ነው። ከዚያ «ስኳሩን አቀብይኝ» አለ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ሸራ ቀስ ብላ ቀና አለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው በዚህ ክፍል፣ በዚህ ማሽን ፊት ነው። ክፍሉ ከበሩ እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ይሆናል። አልጋዋ በመስኮቱ በኩል ነው፤ ማሽኑ መካከል ላይ፣ ብርሃን በሁለቱም ወገን እንዲያገኘው አባቷ የተከሉበት ቦታ ላይ ቆሟል። የድንኳን፣ የመኪና ልባስና የገበያ ዳስ ሸራ የሚሰፋ እንደ ጥጃ የከበደ ማሽን ነው። ሠፈሩም ገበያውም ሸራ ብሎ የጠራት ከእሱ የተነሣ ነው፤ እቤት ግን እትዬ ናት። ስለ ክፍሉ የሰማችውን ምናልባት ጥርሷን ነክሳ ልታልፈው ትችል ነበር። ስለ ማሽኑም ቢሆን ቁጭ ብላ ልታለቅስ፣ አልቅሳም ልትነሣ ትችል ነበር። ያቺን የአፍንጫ ሳቅ ግን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች፤ ያንን አፍንጫ ስንቴ እንደጠረገችው እሷ ናት የምታውቀው።

በሩን ከፍታ ወጥታ መጮኽ ትችል ነበር። ግን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተናግራ ታውቃለች። አንዴ የቤቱ ወረቀት «ለአሠራር እንዲቀል» ተብሎ በወንድሟ ስም ሲዞር፤ አንዴ ደግሞ የሳሎኑን ቁልፍ ሲነሷት። ሁለቱንም ጊዜ ወንድሟ ዝም አለ፣ ሙሽሪት አለቀሰች፣ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠያቂዋ ሸራ ሆና ተገኘች። ለሦስተኛ ጊዜ ይቅርታ ለመጠየቅ ጉልበት የላትም። ስለዚህ ከአልጋው ሥር የአባቷን አሮጌ ሸራ ሳበች፤ ማሽኑን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈነችው፣ ማዕዘኖቹን እንደ ሕፃን መጠቅለያ አጠፈቻቸው፣ በጥጥ ገመድም ዙሪያውን አሰረችው። ገመዱን ሲጥ አላደረገችውም። በገመዱና በሸራው መካከል ሁለት ጣቷን አስገብታ ለካች። እጇ ይህን ሲያደርግ ሌላው ገላዋ ቆሞ ያየው ነበር።

ማድ ቤት ስትገባ ሁለቱም ፈገግ አሉላት። ዳቦው ተቆርጦ ነበር፤ የእሷ ድርሻ እንደ ወትሮው ጫፉ ነው።

«እትዬ፣ እንዲህ በማለዳ?» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሣ።

«የሰዉን ድንኳን ማን ይፈትሽለት ታዲያ?»

«ሰባት ቁጥር ነው አይደል የያዝሽልን?» አለች ሙሽሪት። «ከአልጋዎቹ ነው፣ መስታወት ያለው? ሥራ አስኪያጃችንን ለምሳ ጋብዣቸዋለሁ። አደራሽን እትዬ፣ እንዳታዋርጂኝ።»

«መስታወት አለው» አለች ሸራ።

«ቁልፍሽን ተዪልን እስቲ። ክፍልሽን ትንሽ እናናፍስልሽ፣ ሽታው...» ብላ ሙሽሪት እጇን ዘረጋች። ሸራ ቁልፏን ከአንገቷ ፈታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ሙሽሪት በጣም ስለቀለላት ለአፍታ ግራ ገባት፤ ቁልፉን ግን ለባሏ አቀበለች፣ እሱም የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ሸራ የዳቦውን ጫፍ ሻይ ውስጥ ነክራ በላች። ጣዕሙን አላወቀችውም፤ ዓይኗ የተተከለው የሸሚዙ ኪስ ላይ ነበር።

በየዓመቱ የምታገለግልበት የሙዚቃ ፌስቲቫል የሚደረገው ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወር ነው። አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሸራ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ሰማዩ ላይ ጣለች። ጠራ ያለ ቀን ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ከተራሮቹ ጫፍ ላይ ብቻ አንዲት ጠቆር ያለች ጨርቅ መሳይ ተንጠልጥላለች። ሰው ቂም ሲይዝ መልኩ ይጠቁራል ይባላል፤ የሸራ ግን ተፈታ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ሰርግ የምትሄድ መስሏት «እንኳን ደስ ያለዎት» አለቻት። ሸራም «አሜን» አለች።

ማደሪያው አራት ዓይነት ነው፤ መግቢያው ላይ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፏል። የራሱን ድንኳን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ለሦስት ሌሊት ስድስት መቶ ብር ይከፍልና ከመጸዳጃዎቹ ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ ቦታ ይሰጠዋል፤ እዚያ አካባቢ አቅጣጫ መጠየቅ አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይመራል። መኪናው ውስጥ የሚያድር ዘጠኝ መቶ ከፍሎ አንገቱን ይዞ ይነሣል። ሦስተኛው በሁለት ሺህ የተተከለ የናይለን ድንኳን ነው፤ ቀን ምድጃ፣ ሌሊት ማቀዝቀዣ ይሆናል። አራተኛው የክብር ሰፈር የሚባለው ነው። ጉብታው ላይ በሁለት ረድፍ የተተከሉ አሥራ ሁለት ነጭ ድንኳኖች፣ እያንዳንዳቸው አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ጠረጴዛና መስታወት ያላቸው፣ ሰባት ሺህ ብር። እነዚህ እንደ ድሮው ከወፍራም የጥጥ ሸራ የተሰፉ፣ በጥጥ ገመድ የሚወጠሩ ናቸው። ከናይለኑ የሚከብዱ፣ ሞግዚትም የሚፈልጉ ናቸው፤ ግን ፎቶ ላይ ያምራሉ። ሀብታም ለፎቶው እንደሚከፍል ሸራ ገና በመጀመሪያው ዓመት ገብቷታል።

ሞግዚታቸው እሷ ናት። በጎ ፈቃደኛ በሦስቱ ቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ይሠራል፤ በምላሹ ከኩሽናው ጀርባ ድንኳኑን የሚተክልበት ቦታ፣ ምግብና አረንጓዴ ሰደርያ ያገኛል። አምስት ዓመት ያገለገለ ደግሞ ለቤተሰቡ ከፈለገው ዓይነት አንድ ማደሪያ በነፃ ያስይዛል። ለሸራ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቷ ነው። ሙሽሪት ዓመቱን ሙሉ «የኛ ቢሮ ሰዎች እዚያ ነው የሚሄዱት» ስትል ከርማ ስለነበር፣ ለራሷ ምንም ሳትጠይቅ ለእነሱ ሰባት ቁጥርን አስያዘች። ቅጹን የሞላችበትን እስክሪብቶ ሳይቀር ታስታውሳለች። አሁን ትዝ ሲላት ያቺን እስክሪብቶ መስበር አማራት።

የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ፊሽካ ትባላለች፤ ከአንገቷ ከምትንጠለጠለው ፊሽካ በቀር ለማንም አትታዘዝም። ሸራን ስታይ እንደ ልማዷ ሰላምታውን ዘልላ ወደ ሥራው ገባች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ አለ ብለዋል። የጉብታውን ገመዶች ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሌላ ሰው አላሰማራም።»

«ከዘጠኝ በፊት አላላቸዋለሁ» አለች ሸራ።

የጥጥ ገመድ ውኃ ሲጠጣ ያጥራል። ይህን በዚያ ሜዳ ላይ የሚያውቁት ሰዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሸራና ወንድሟ ግን በጥፊ ነው የተማሩት። አባታቸው ድንኳን ሲተክሉ ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ ያቆሙና ደመና በታየ ቁጥር «ሁለት ጣት» ይሉ ነበር። እያንዳንዱ ገመድ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላል፤ ዝናቡ የቀረውን ራሱ ይወጥረዋል። ካልላላ ግን ገመዱ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ካስማውን ከረጠበው መሬት እንደ ጥርስ ይነቅለዋል፤ አንዱ ካስማ ከተነቀለ የቀሩት ተከትለውት ይሄዳሉ። ወንድሟ የረሳ ቀን አባታቸው በእነዚያው ሁለት ጣቶች ጆሮውን ይዘው ከካስማ ካስማ ያዞሩት ነበር። ሸራ ታለቅስለት ነበር፤ እሱ የሚረሳውን ገመድ ቀድማ አላልታ ስንት ቀን አድናዋለች።

በስድስት ሰዓት መጡ። ሙሽሪት ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ወንድሟ ጠዋት የለበሰውን ሸሚዝ እንደለበሰ፣ መካከላቸው ሥራ አስኪያጁ። ሰውየው ቦርጫም፣ ዝግ ያሉ፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ለሁሉም ነገር «እሺ፣ ጥሩ ነው» የሚሉ ናቸው። ባለቤታቸው ሙዚቃ ስትሰማ ራሷን ስለሚያማት ብቻቸውን ነው የመጡት። ሙሽሪት የክፍል ኃላፊነት እንደምትጠብቅ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ምሳውን ከምግብ ቤት አስጭና ያመጣችው ለዚሁ ነው። ሸራ ጉብታው ሥር ተቀብላቸው ሁለቱን ሻንጣና የምሳውን ቅርጫት ተሸከመች። ወንድሟ አንዱን ሊቀበላት እጁን ሰደድ አድርጎ ነበር፤ ሙሽሪት ስታየው ሰበሰበው።

«እኚህ እናትስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ።

ሙሽሪት ፀጉሯን አስተካከለች። «እዚህ የሚሠሩ ናቸው። ጥሩ ሴትዮ ናቸው፣ ያግዙናል።»

ሸራ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ጫማውን አየ። ጫማው አዲስ አልነበረም፣ ያን ያህል የሚታይ ነገር አልነበረውም። ሥራ አስኪያጁ ኪሳቸው ገብተው አንዲት የታጠፈች ብር አወጡና «ለሻይ» ብለው መዳፏ ላይ አደረጉላት። ሸራ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለች። ብሯን በሰደርያዋ የደረት ኪስ ከተተችና ኪሱን ቆለፈች።

ፎቶ መነሣት ጀመሩ። ሙሽሪት በበሩ፣ ሙሽሪት ከመስታወቱ ፊት፣ ሙሽሪትና ሥራ አስኪያጁ ከድንኳኑ ፊት፤ ባልየው አንሺ ነው። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ ምስሉን እያሰፋች አየችና ፊቷን ቋጠረች።

«ይኼ ገመድ ላላ ያለ ነው እኮ። ሸራው ይጨማደዳል፤ አሮጌ አስመስሎታል። ወጠር ያድርጉልን እስቲ፣ እማማ።»

እማማ። ሸራ ከሙሽሪት የምትበልጠው በዘጠኝ ዓመት ነው። መዶሻዋን ከወገቧ አወጣች፣ ከመጀመሪያው ካስማ አጠገብ ተንበረከከች፣ የገመዱን ቋጠሮ ያዘች። ከዚያ አልቸኮለችም። ሰማዩን አሻግራ አየች፤ ያቺ ጨርቅ የሚያህል ደመና አሁን ብርድ ልብስ አክላለች። ወንድሟም የእሷን ዓይን ተከትሎ አየ። ደመናውን አየ፣ ገመዱን አየ፣ የእሷን እጅ አየ። አፉ ተከፈተ። ሸራ በዚያች ቅጽበት ሁሉን ነገር እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ተዪው» ቢል ትተወዋለች። ዝናብ ሊመጣ ነው ቢል፣ ወይም እንዲያው «እትዬ» ብሎ በሰው ፊት ቢጠራት፣ የጠዋቱን ሳቅ እንኳ ባትረሳው ታሳድረዋለች። ወንድሟ አፉን መልሶ ገጠመና የአንገቱን ላብ ጠረገ።

ሸራ ገመዱን ወጠረችው። አሥሩንም ወጠረቻቸው፤ በጣቷ ስትነካቸው እንደ ክራር እስኪሰሙ ድረስ።

«አየህ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለች ሙሽሪት።

«እሺ፣ ጥሩ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

በስምንት ሰዓት ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ። ሸራ ከአንድ ቁጥር ጀመረች። በየካስማው እየተንበረከከች ቋጠሮውን መለስ ታደርጋለች፣ ሁለት ጣቷን ታስገባለች፣ ትነሣለች። እንግዶቹን «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ትንሽ ላላ ማለቱ አያሳስባችሁ» ትላቸዋለች፤ ያመሰግኗታል። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አሁን ፒካፑ ከበራችን ቆሟል አለች በሆዷ። አምስት። አሁን አልጋዬን በመስኮቱ በኩል እያወጡት ነው፣ በበሩ አይወጣም። ስድስት። ጉልበቷ ላይ ያለው አፈር አላሳሰባትም፤ ቂም እንዲህ ሥራ እንደሚያቀላጥፍ አታውቅም ነበር። ሰባት ቁጥር ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። መጋረጃው ገርበብ ብሎ ነበር፤ ምሳ እየበሉ ነው። ሙሽሪት ለሥራ አስኪያጁ ወጥ እየጨመረችላቸው ስለ ቤታቸው ታወራለች። የጓሮውን ክፍል ልናድሰው ነው፣ ባዶውን ነው የተቀመጠው ትላለች። ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያኝካል። ሸራ አንድ እጇን ገመዱ ላይ አደረገች፤ ገመዱ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ዝግጁ ነበር።

«ምን ፈለጉ?» አለች ሙሽሪት ከውስጥ።

«ምንም። እንዳማረበት እንዳለ ላይ ብዬ ነው።»

ስምንት ቁጥርን አላላች። እስከ አሥራ ሁለት ጨርሳ ስትወርድ ፊሽካ «ሁሉንም?» ብላ ጠየቀቻት። ሸራ መዋሸት አልወደደችም። «ሰባት ቁጥር ያሉት ለፎቶ ወጠር ይበልልን ብለው በቃላቸው ጠይቀዋል። ደንበኛ የጠየቀውን አልነካም» አለች። ፊሽካ ትከሻዋን ሰበቀች። ሸራ ወደ ጉብታው ተመለሰችና ከስምንት ቁጥር ጎን፣ ሁሉ ነገር ከሚታይበት ቦታ፣ የዝናብ ልብሷን ለብሳ ቆመች።

ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። መድረኩ ላይ ይዘፍን የነበረው ልጅ መሃል ግጥሙ ላይ አቋረጠ፤ ሜዳው ሁሉ ላስቲክ እየተከናነበ ይሯሯጥ ጀመር። አሥራ አንዱ ድንኳኖች ውኃውን ጠጥተው፣ ገመዳቸው ቀስ በቀስ እየተሳበ፣ እንዳባቷ ወግ ልክ ሲሆኑ ቀጥ ብለው ቆሙ። የሰባት ቁጥር ገመዶች ግን መጀመሪያ ጨለሙ፣ ከዚያ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመሩ። ሸራ ያንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራው ኖራ ዛሬ እንደ ዘፈን አዳመጠችው። የመጀመሪያው ካስማ ከጥጉ በኩል ጭቃውን እንደ አፍ ከፍቶ ወጣ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛው ሲነቀል ተስፈንጥሮ የዘጠኝ ቁጥርን ደጃፍ አለፈ። ምሰሶው ወደ ሐይቁ በኩል ዘመም አለ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ያ ሁሉ እርጥብ ሸራ ከነክብሩ ወረደ። ከሥሩ መጀመሪያ የሰሃን ድምፅ፣ ቀጥሎ የመስታወት ድምፅ፣ ቀጥሎ የሙሽሪት ድምፅ ተሰማ።

ሸራ አልሳቀችም። በአፍንጫዋ በኩል ትንሽ አየር ወጣ፤ ያን ያህል ነው።

ሥራ አስኪያጁ በእጅና በእግራቸው እየዳሁ ወጡ፤ የምሳው ወጥ ከአንገታቸው እስከ ቀበቷቸው ወርዶ ነበር። ሙሽሪት በነጩ ቀሚስ ተከተለች፤ ቀሚሱ ነጭነቱን ያቆመበት ቦታ ይታያል። ወንድሟ መጨረሻ ወጣ። ከጉልበቱ ሳይነሣ አንዱን የተነቀለ ካስማ ከነገመዱ አነሣ። ገመዱን በጣቱ ነካው። ቀና ብሎ ስድስት ቁጥርን አየ፣ ቆሟል። ስምንትን አየ፣ ቆሟል። ከዚያ እህቱን አያት። ዝናቡ በመካከላቸው ይወርዳል። እሱም ካስማውን መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ልክ ጆሮውን እንደተያዘ ልጅ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ሰበር አድርጎ ነበር።

ማደሪያው የፈረሰበት ሰው የሚመዘገበው ዕቃ ቤቱ ሥር በሚገኘው ጠረጴዛ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተራው የሸራ ነበር። ሦስቱ እንደረጠቡ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

«ሌላ ስጡን» አለች ሙሽሪት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው። «አልጋ ያለው።»

ሸራ መዝገቡን ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን ሞከረች። «የክብር ሰፈሩ ሙሉ ነው። የናይለኑም ሙሉ ነው። አንድ ድንኳን ብቻ አለ፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ የራሴ ነው። በደንቡ ግን በጎ ፈቃደኛ ድንኳኑን የሚለቀው ለቤተሰቡ ብቻ ነው።» መዝገቡን አዞረችላት። «ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ይጻፉ፣ እመቤቴ።»

ሙሽሪት ባሏን አየችው። ባሏ ዕቃ ቤቱን የተደገፈ አካፋ ያይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መሐረባቸውን እየጨመቁ ተጠጉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ማንም አልቸኮለም፣ በተለይ ሸራ። በመጨረሻ ሙሽሪት እስክሪብቶውን ተቀብላ በጣም ትንንሽ በሆኑ ፊደላት ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡት።

«የባሌ እህት» አሉ። ቀና ብለው ወንድሟን አዩት። «እህትህ ናቸው?»

«ታላቄ ናት» አለ ወንድሟ። ድምፁ ወለል ላይ ነው ያለው።

ሸራ የደረት ኪሷን ከፈተች፣ የታጠፈችውን ብር አወጣች፣ በሁለት እጇ ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋችላቸው። «ከቤተሰብ እንግዳ ጉርሻ አንቀበልም ጌታዬ። ነውር ነው።» ሰውየው ብሯን ተቀብለው የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው። ሙሽሪትን አንዴ ገርመም አደረጓት፤ «እሺ» አሉ፣ ጥሩ ነው የምትለዋን ግን አልጨመሩባትም። መኪናቸው ወዳለበት በዝናቡ መካከል ቀስ ብለው ሄዱ። ሙሽሪት ሁለት እርምጃ ከተከተለቻቸው በኋላ ቆመች።

በዚህ መሃል የወንድሟ ስልክ ጮኸ። ውኃ ገብቶት ስለነበር በጆሮው ሲያስጠጋው አልሰማ አለው፤ ድምፁን ወደ ውጭ አደረገው። የሚስቱ የአክስት ልጅ ነው።

«በሰጣችሁኝ የቤት ቁልፍ ገብተን፣ ክፍት ከተዋችሁት ክፍል አልጋውንም መደርደሪያውንም ማሽኗንም አውጥተን ግቢ ደርድረን ልንጭን ስንል ዝናቡ መጣብን። ፍራሹ በስብሷል፣ ምን ላድርግ? ማሽኗ ግን ጠብታ አልነካትም። አንድ ሰው አስቀድሞ በሸራ ጠቅልሏታል። አስተሳሰሩ ደግሞ ይገርምሃል፣ ገመዱን ላላ አድርጎ አስሮት አሁን በዝናቡ ራሱ ጥብቅ ብሏል። ልፍታው ብል እምቢ አለኝ።»

ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ። ሙሽሪት ምን እንደሆነ አልገባትም፤ እሱ ግን ገባው። ላላ አድርጎ የሚያስር ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነው። ጠዋት ተሰምተዋል። ዳቦውን ስትበላ፣ ቁልፉን ስትሰጥ፣ ሻንጣቸውን ስትሸከም፣ ቀኑን ሙሉ ታውቅ ነበር።

«ቁልፌን» አለች ሸራ፣ መዳፏን ዘርግታ።

ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ቁልፉ ሞቅ ያለ ነበር።

«አሁን ንገረው። ዕቃዬን እንደነበረ ይመልስ። አልጋው በመስኮቱ በኩል ነው። ፍራሼ ስለበሰበሰ የእናንተን ያስገባልኝ፣ የእኔን በእናንተ አልጋ ላይ ያንጥፈው።»

«የኛን?» አለች ሙሽሪት። «ተከራዩስ?»

«ተከራይሽ ድንኳን ይልመድ።»

ወንድሟ ተናገረ። ቃል በቃል፣ ፍራሹን ጨምሮ። የሚስቱ የአክስት ልጅ ሁለት ጊዜ «የማንን?» ብሎ ጠየቀ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰለት።

ዝናቡ ጋብ ሲል ከኩሽናው ጀርባ ወሰደቻቸው። ድንኳኑ አባቷ በመጨረሻ ዘመናቸው የሰፉት፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው፤ ለሁለት ሰው ደግሞ ተራ በተራ መገላበጥን ይጠይቃል። ሸራ ገና ያልተከለችውን ከመጠቅለያው አውጥታ በጭቃው ላይ ዘረጋች፣ ምሰሶውን አቆመች፣ ካስማዎቹን መታች። ሙሽሪት እጇን አጣጥፋ ወደ ሌላ ታያለች። ሸራ የመጨረሻውን ገመድ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ሸራው አንዲት ጭምድድ ሳይቀርበት ተወጠረ። ከሐይቁ ማዶ ሌላ ደመና፣ ከመጀመሪያው የሰፋ፣ ጉዞ ጀምሯል።

ወንድሟ ደመናውን አየ። ገመዱን አየ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያየ ነበር። «ላላ አድርጊው።»

ሸራ መዶሻዋን ወገቧ ላይ ሻጠች፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። የከተማው አውቶቡስ በአሥራ አንድ ተኩል ይነሣል፤ እቤት ደርቆ የቆየ፣ ሰፊ፣ ባለ ስፕሪንግ ፍራሽ ይጠብቃታል።

«ጣት የለህም?» አለችውና ጭቃውን እየረገጠች ወደ መንገዱ ወረደች።